«የእናቴ ስም የድርሰት ስም አይደለም»

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን።

ዛሬ ስለ ልብ ወለድ፣ በተለይም በልብ ወለድ ውስጥ ስለምትሳለው ሴት ልናወጋችሁ ነው የመጣነው። አንዳንዶቻችሁ «የእኛ ዝግጅት ከልብ ወለድ ጋር ምን አገናኘው?» ትሉ ይሆናል። እኛም ከዚህ በፊት እንደዚያው ነበር የምናስበው። ሐሳባችንን ያስለወጠን አንድ ምሽት ነው፤ ከእሱ እንጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደቡብ ጎንደር ይፋግ ሄደን ነበር። ይፋግ ከወረታ ወደ አዲስ ዘመንና ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ከጥንት ጀምሮ የነጋዴ መተላለፊያ የነበረች የገበያ ከተማ ናት። ርብና ጉማራ የሚያጠጡት የፎገራ ሜዳ ከእርሷ አቅራቢያ ተነሥቶ እስከ ጣና ይዘረጋል። ክረምት ሲገባ ሜዳው ላይ ውሃ ይተኛል፤ ሩዝም ይበቅልበታል።

ያረፍነው በአንድ ሙስሊም ቤተሰብ ቤት ነበር። አባወራው ልብስ ሰፊ ነው፤ እማወራዋ ነጋዴ ናት። ሩዝ ከገበሬው እየገዛች ትሰበስባለች፤ ወረታ ወስዳ ታስፈለፍላለች፤ መልሳ ትሸጣለች። በጨለማ ተነሥታ ሱብሒን ሰግዳ መኪና ትጠብቃለች፤ ከደላላና ከመኪና ረዳት ጋር ተከራክራ ትመለሳለች። የስንቱን ገበሬ ሒሳብ በቃሏ ይዛ አንድ ሳንቲም አይዛነፍባትም። ቤቱ የሚቆመው በሁለቱ ድካም ነው፤ ጣሪያውን ቆርቆሮ ያለበሰችው ግን እሷ መሆኗን ባሏ ራሱ በኩራት ነግሮናል።

ከእራት በኋላ ትልቋ ልጃቸው ለትምህርት ቤት ክበብ የጻፈችውን አጭር ልብ ወለድ እንድታነብልን ተጠየቀች። ዓይን አፋር ናት፤ ግን አነበበች። አማርኛዋ የሚያስቀና ነበር። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ አንዲት ቆንጆ ልጅ አለች። ዓይኗ፣ አንገቷ፣ ጸጉሯ ገጽ ሙሉ ተነግሮለታል። እናቷ ምድጃ ዳር ተቀምጣ አባትየው የሚያመጣውን ትጠብቃለች። አባትየው ይሞታል። ልጅቱ ከተማ ትሄዳለች፤ ትታለላለች፤ ትዋረዳለች፤ ታማ ተመልሳ ትሞታለች። እናትየዋ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ታለቅሳለች።

ማሻአላህ ብለን አመሰገንናት። ከዚያም አንዳችን «እናትሽ እንዲህ ያለች ብርቱ ሴት ሆና ሳለ፣ የድርሰትሽ እናት ለምን ስታለቅስ ብቻ ትኖራለች? ለምን በእናትሽ ስም አልጠራሻትም?» ብለን ጠየቅናት።

ልጅቱ ሳቀችና «የእናቴ ስም የድርሰት ስም አይደለም» አለች። ቀጥላም «ሩዝ የምትሸጥ ሴት ድርሰት ውስጥ ገብታ ምን ትሠራለች?» አለችን።

የእናትየዋን ስም ለክብሯ ስንል አንጠራውም። ግን ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሴት ልጆች የአንዷ ስም መሆኑን እንንገራችሁ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ስቀን ባለፍነው ነበር። አላበቃም። ልጅቱ ትምህርቷን ለመቀጠል ወረታ መግባት ነበረባት፤ በቤቱም ጉዳዩ ገና አልተቆረጠም ነበር። አጎቷ ንባቡን ሰምቶ ሲጨርስ ወደ አባትየው ዞረና «ይኸው፣ ራሷ ጻፈችው እኮ! ከተማ የሄደች ልጅ ምን እንደምትሆን ከአፏ ሰማችሁ አይደል?» አለ። ልጅቱ ወረቀቱን አጠፈችው። ደግማ አልተናገረችም።

እናትየዋ ሰሐኑን እያነሣች ነበር። ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ «ወንድሜ፣ እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ወረታ ስመላለስ ምን ሆንሁ?» አለችው። አጎትየው መልስ አላገኘም።

የተከበራችሁ አድማጮች! ያን ምሽት የተረዳነው አንድ ነገር ነው። ልብ ወለድ «ውሸት ነው፣ ጨዋታ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። በቤታችን ውስጥ ምስክር ሆኖ ይቀርባል። ልጅቱ በየቀኑ የምታያትን እናቷን ትታ በወረቀት ያገኘቻትን እናት ጻፈች። አጎቷ ደግሞ በዓይኑ የሚያያትን ሴት ትቶ በወረቀት የተጻፈችውን ማስረጃ አደረገ። ተረቱ እውነቱን ጋረደው።

ለመሆኑ ይህች ልጅ የድርሰት ሴት እንዲህ መሆን እንዳለባት ከየት ተማረች? ከሰማችውና ካነበበችው ነው። እስቲ ጥቂቱን አብረን እንመልከት።

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው ከጣና ዳር፣ ከዘጌ በተገኙት በነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የተጻፈው «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታተመ። ዛሬ ብዙዎች የሚያውቁት በሴቷ ስም «ጦቢያ» ብለው ነው። ልብ በሉ፤ ጦቢያ ወንድሟን ፍለጋ ስትወጣ እንደ ወንድ ለብሳ ነው። ጉዞ፣ ጀግንነትና መንገድ የወንድ ነውና ለዚያ ወንድ መስላ መታየት ነበረባት። ማንነቷ ሲገለጥ ደግሞ ታሪኩ በጋብቻ ያልቃል። ደራሲው ለሴት መንገድ መክፈታቸው ያስመሰግናቸዋል፤ ግን መንገዱን በራሷ ልብስ እንድትሄደው አላደረጉም።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ባሳተሙት «የልብ አሳብ» ልጆችን ያለ ዕድሜ የመዳር ልማድን ነቅፈው ጽፈዋል። ድርሰት ልማድን የመጠየቅ ኃይል እንዳለው ይህ ያሳየናል።

ከዚያ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» አለ፤ በ1958 ዓ.ም. የወጣ። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉን በእጁ ያልነካ ገበሬና ነጋዴ ሁሉ ሰብለወንጌልን እንደ ዘመዱ አወቃት። ሰብለ ብልህና ጽኑ ናት። የአባቷ የዘር ኩራት እንዳታገባ ቤት ዘግቶባት ትኖራለች፤ በመጨረሻ ያን ቤት ጥላ የወደደችውን ፍለጋ ትወጣለች። ደራሲው የተቹት የመሳፍንቱን ሥርዓት ነው፤ በሴት ላይ የሚደርሰውን በደልም አሳይተዋል። ሆኖም ሴት ልጆቻችን ከዚህ ትልቅ መጽሐፍ ይዘው የሚወጡት ብዙውን ጊዜ አንዱን ብቻ ነው፤ ውበትንና መጠበቅን፣ ከዚያም እንባን። ይህ የመጽሐፉ ጥፋት ብቻ ሳይሆን የእኛ የአነባበብም ጥፋት ነው።

በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያወጣውን «ኦሮማይ»ን ያነበባችሁ ደግሞ ሁለት ሴቶችን ታስታውሳላችሁ። አንዷ በአዲስ አበባ የምትጠብቅ እጮኛ ናት። ሌላዋ በአስመራ ያለች፣ ውበቷ ከአደጋ ጋር የተቆራኘ ሴት ናት። ጠባቂዋና አደገኛዋ! ይህ ጥንድ በስንት ልብ ወለድ፣ በስንት ቴአትርና ፊልም ተደጋገመ? ሴት ወይ ታማኝ ሆና ትጠብቃለች፤ ወይ አማልላ ታጠፋለች። ሦስተኛ ቦታ ያለ አይመስልም።

ሌላም የሚያስገርም ነገር እንጨምር። በ1956 ዓ.ም. «ሴተኛ አዳሪ» የተሰኘ ልብ ወለድ እናኑ አጎናፍር በሚል የደራሲ ስም ወጣ። አንባቢ ሴት የጻፈችው መስሎት ነበር። ደራሲው ግን ነጋሽ ገብረ ማርያም የተባሉ ወንድ ነበሩ። በእንግሊዝ አገር ደግሞ ከዚያ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ሜሪ አን ኢቫንስ የተባለች ሴት ጽሑፏ እንዲከበርላት ስትል ጆርጅ ኤሊየት በሚል የወንድ ስም ትጽፍ ነበር። እዚያ ሴቷ ለመሰማት የወንድ ስም ተዋሰች። እዚህ ወንዱ የሴትን መከራ ለመናገር የሴት ስም ተዋሰ። በሁለቱም በኩል ሴቷ በራሷ ስም፣ የራሷን ነገር ስትናገር መስማት ቀላል አልነበረም።

በራሳቸው ስም የጻፉ እናቶች አልነበሩም ማለታችን ግን አይደለም። ስንዱ ገብሩ በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ»ን አሳትመዋል። ፀሐይ መላኩ በ«አንጉዝ» እና በ«ቋሳ» ልብ ወለዶቻቸው ይታወቃሉ። ነገር ግን እኛ በየቤታችን መደርደሪያ ላይ፣ ሱብሒ ሰግዳ ገበያ የምትወጣውን፣ ልጆቿን ቁርኣን የምታስቀራውን፣ የጀማዓውን ዕቁብ የምትይዘውን እናታችንን የሚተርክ ልብ ወለድ ስንፈልግ እጃችን ባዶ ይቀራል። ልጅቱ «የድርሰት ስም አይደለም» ስትል ያየችውን ነው የተናገረችው።

ይህ የሚደርሰው በተፈጠሩ ሴቶች ላይ ብቻ ነው ትሉ ይሆናል። አይደለም፤ በሕይወት የነበረችም ሴት በተረት ልትጠብ ትችላለች። ከይፋግ ብዙም ሳይርቅ ደብረ ታቦር አለ፤ የዳግማዊ ራስ አሊ መቀመጫ የነበረው። የራስ አሊ እናት እቴጌ መነን ሊበን አመዴ የወሎው የኢማም ሊበን ልጅ ናቸው፤ ከሙስሊም ቤት የወጡ፣ በኋላ በክርስትና የኖሩ። ከጣና ሰሜን ያለውን አገር ገዝተዋል፤ ጦር አሰልፈዋል፤ በ1847 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከካሳ ኃይሉ፣ ከኋለኛው አፄ ቴዎድሮስ ጋር ተዋግተው ተማርከዋል። አገዛዛቸውን መንቀፍም ማመስገንም የታሪክ ሰዎች ፈንታ ነው። በሕዝብ አፍ የቀሩት ግን በምንድን ነው? ለቆሰለው ካሳ ቁራጭ ሥጋ ልከው ናቁት በሚለው ወግ ነው! ግዛት ያስተዳደረች ሴት በተረት ስትነገር ክፉ አማት ሆነች። ወንድ ቢሆኑ ኖሮ «ተሸነፈ» ተብሎ ይጻፍላቸው ነበር። ሴት ናቸውና በማጀታቸው ተፈረዱ።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! እዚህ ላይ ጣታችንን በሌሎች ላይ ብቻ እንዳንቀስር። እኛም በመጽሔቶቻችንና በዝግጅቶቻችን ትምህርታዊ ታሪኮች እንጽፋለን። እስቲ በአላህ ይሁንባችሁ፣ በእነዚያ ታሪኮች ውስጥ ያለችው ሴት ማን ናት? አንዷ ሒጃብን እምቢ ብላ በመኪና አደጋ የምትቀጣ ናት። ሌላዋ ምንም ሳትናገር ታግሣ ባሏን በትዕግሥቷ የምታስተካክል ናት። ስም የላትም፤ «አንዲት እህት» ነው የምትባለው። ሥራ የላትም፤ ጥያቄ የላትም። ምክራችን መልካም ሊሆን ይችላል። ሰውዬዋ ግን የለችበትም። ደራሲዎቹን በወቀስንበት ሚዛን ራሳችንን ስንመዝን እኛም ቀለን ተገኝተናል።

የሚያሳዝነው ደግሞ በእጃችን ያለው መጽሐፍ እንዲህ አለመተረኩ ነው። በቁርኣን ውስጥ «አል-ቀሰስ» የተባለ ሱራ አለ፤ ትርጉሙም ትረካ ማለት ነው። የሙሳ (ዐ.ሰ.) ታሪክ በዚያ ሲነገር ከመጀመሪያው የምናገኘው ሴቶችን ነው። እናቱ በፍርሃት መካከል ሆና ልጇን ወደ ወንዙ ትጥላለች። እኅቱ ከሩቅ እየተከታተለች፣ በብልሃት ተናግራ ሕፃኑን ወደ እናቱ ታስመልሳለች። ኋላም መድየን ላይ መንጋ የሚጠብቁ ሁለት እኅትማማቾች አሉ። ከእነርሱ አንዷ ሙሳ ኃይለኛና ታማኝ መሆኑን አይታ አባቷ እንዲቀጥረው ትመክራለች። ምክሯም ተሰማ። በሱረቱ-ነምል ደግሞ የሰበእ ንግሥት ደብዳቤ ሲደርሳት ሹማምንቷን ታማክራለች። እነርሱ ስለ ጉልበታቸው ሲናገሩ፣ ነገሥታት አገር ሲገቡ የሚያደርሱትን ጥፋት አስባ ረጋ ብላ የምትመረምረው እሷ ናት።

«የሱረቱ ዩሱፍ ሴትስ?» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፤ የሹሙ ሚስት ጥፋት አጥፍታለች። ብዙ ሰው ከዚያ ታሪክ ሁሉንም ሴት መክሰሻ ያገኘ ይመስለዋል። ነገር ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው እናንብበው። እውነቱ ሲወጣ ጥፋቷን በራሷ አንደበት የምትመሰክረው፣ ዩሱፍም (ዐ.ሰ.) እውነተኛ መሆኑን የምትናገረው እሷው ናት። ሱረቱ ተሕሪም ሲፈጸምም አላህ (ሱ.ወ.) ለካዱት የሁለት ሴቶችን፣ የኑሕንና የሉጥን ሚስቶች ምሳሌ አድርጓል። ለአመኑትም ምሳሌ ያደረገው ሁለት ሴቶችን ነው፤ የፊርዐውንን ሚስትና መርየምን። ለአመኑት ሴቶች ብቻ አላለም፤ ለአመኑት ሁሉ ነው። ሴት መልካምም ክፉም ልትሆን ትችላለች፤ እንደ ማንኛውም ሰው። አንዷ የሁሉም ምሳሌ ተደርጋ ግን አትፈረድም።

ነጋዴዋን ኸዲጃን (ረ.ዐ.) የማያውቅ ሙስሊም ቤት የለም። ከ2,000 በላይ ሐዲሶችን ያስተላለፈችውን ዓኢሻንም (ረ.ዐ.) እንዲሁ። ታዲያ በሱቅ፣ በገበያና በትምህርት የሠለጠነች ሴት ለእኛ እንግዳ የምትሆንብን በምን ምክንያት ነው?

በሰፊው ዓለምም ብንመለከት ሙስሊም ሴት ተራኪ ሆና ኖራለች። «ሺህ አንድ ሌሊት» የሚባለውን የተረት ስብስብ ታውቁታላችሁ። በእርግጥ በውስጡ ከዳተኛ ሚስቶች ሞልተዋል። ነገር ግን ተረቱን ሁሉ የምትናገረው ሸህርዛድ ናት፤ በአንደበቷ የራሷንም የሌሎች ሴቶችንም ነፍስ ታድናለች። ቆየት ብሎም በ1905 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ሮኬያ ሰኻወት ሑሴን የተባለች የቤንጋል ሙስሊም «የሱልጣና ሕልም» የሚል አጭር ልብ ወለድ አሳተመች። በዚያ ሕልም አገር ወንዶች ከግቢ አይወጡም፤ አገሩን የሚያስተዳድሩት ሴቶች ናቸው። ነገሩን ገልብጣ ስታሳይ አንባቢው የለመደውን እንደ አዲስ እንዲያየው አደረገች። በድርሰትም አልቆመች፤ ለሙስሊም ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፍታ በካልካታ አስተማረች።

እንግዲህ በየቤታችን ምን እናድርግ? ልብ ወለድ ይቃጠል፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ይዘጋ አንልም። ያልተነበበ መጽሐፍ አይመረመርም። ይልቅ ልጆቻችን ሲያነቡና ሲያዩ ከአጠገባቸው ተቀምጠን ሦስት ነገር እንጠይቃቸው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለችው ሴት ስም አላት ወይ? ከመዋብ፣ ከመጠበቅና ከማልቀስ ሌላ የምትሠራው ሥራ አላት ወይ? እንደ እሷ ያለች ሴት በሠፈራችን ታውቃላችሁ ወይ? ይህን ሴቶቹን ልጆች ብቻ ሳይሆን ወንዶቹንም እንጠይቅ። የነገዎቹ ባሎችና አጎቶች እነርሱ ናቸውና።

ሁለተኛው፣ እናቶች ሆይ፣ ታሪካችሁን ተናገሩ። ከቡና በኋላ የጎረቤቱን ወሬ ከምናወራ፣ የመጀመሪያውን ኩንታል እንዴት እንደገዛችሁ፣ ጎርፉ ሜዳውን በሸፈነበት ዓመት ቤቱን እንዴት እንዳቆማችሁ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። የፎገራን ሩዝ ጎንበስ ብለው የሚያርሙ ሴቶች እጅ በስንት ቤት ምሳ ሆኖ ይቀርባል! እናንተ ካልነገራችሁ ልጃችሁ ሌላ እናት ከወረቀት ትፈልጋለች።

ሦስተኛው፣ አባቶችና ወንድሞች፣ ልጃችሁ ስትጽፍ ወረቀቱን ለመፍረድ አትቸኩሉ። የተጻፈ ሁሉ ኑዛዜ አይደለም። በጻፈችውም ትምህርቷን አትከልክሏት፤ የምታውቁትን እውነት በተረት አትለውጡት።

ያች የይፋግ ልጅስ? አልሐምዱሊላህ፣ አባቷ በእናትየዋ ቃል ተረታና ወረታ ገባች። ከወራት በኋላ በስልክ አግኝተናት ነበር። «ሌላ ጀምሬያለሁ» አለችን። የሚጀምረው ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ ወረታ ላይ በሩዝ መፈልፈያው በር ወረፋ ከያዘች አንዲት ሴት ነው።

«ስሟስ?» ብለን ጠየቅናት።

«የእናቴ ነዋ!» አለች።

አላህ (ሱ.ወ.) የእናቶቻችንን ድካም የምናይበት ዓይን፣ ያየነውንም በእውነት የምንናገርበት አንደበት ይስጠን። ሴት ልጆቻችንን በዕውቀትና በኢማን ያሳድግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።